ጎማው መሬት ሳይነካ

ባለ ብስክሌት ወደ ወይራ ምንጭ መንደር እየመጣ ነው የተባለ ዕለት ጭቃ ሹም ገላው ምሳቸውን ትተው መንገድ ዳር ወጡ። ያን ሰሞን ከቢቸና እስከ ሞጣ መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨመር ነው የሚል ወሬ አገሩን አዳርሶት ነበር። ቀላድ ይዞ የመጣን ሁሉ በመጣበት ለመመለስ ገበሬው ተማምሏል። ቀላድ ግን ገመድ ነው፤ ሲዘረጋ ከሩቅ ይታያል። ይኸኛው የመጣው በሁለት ጎማ ነው። ጎማም መሬት ይለካል ብሎ ቢቸና ገበያ ላይ አንድ መንገደኛ አውርቶ ነበር አሉ።

እንግዳው ከፋለ የሚባል፣ መነጽር ያደረገ፣ ሳቂታ የአዲስ አበባ ሰው ሆኖ ተገኘ። የዕረፍት ጊዜዬ ነው አለ። ዲማ ጊዮርጊስን አይቷል፤ ደብረ ወርቅን ተሳልሟል። አሁን ወንዝ ወንዙን ይዞ የጥንት መንደሮችን እየጎበኘ ሞጣ መግባት ይፈልጋል። ደረቱ ላይ ካሜራ፣ ኋላው ላይ አንድ ኮሮጆ፣ እግሩ ላይ ለተራራ የሚሆን ወፍራም ጫማ፤ ሌላ ንብረት የለውም።

ገላው ጎማውን ዙሪያውን አዩት። አንዴ በዞረ ቁጥር የሚሄደው እኩል መሆኑን ለመገንዘብ ተማሪ ቤት መግባት አላስፈለጋቸውም። መሪው ላይ ያለችውን ቃጭል ሲነኳት ጮኸች።

«ቆጣሪዋ ይቺ ናት» አሉ ለጎረቤቶቻቸው፣ ቀስ ብለው።

ሽማግሌዎች ተመካከሩ። እንግዳን መምታት ነውር ነው። ተሳላሚን መመለስ ኃጢአት ነው። ማሳለፍ ደግሞ ርስትን ማስለካት ነው። ገላው ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው መላ አገኙ፤ ሰውየው ይለፍ፣ ጎማው ግን መሬት አይንካ። ብስክሌቱ በቃሬዛ ይሄዳል።

ሚስታቸው የሺእመቤት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እኔ ታምሜ ቢቸና ሐኪም ቤት በእግሬ ነው የሄድሁ» አለች። «ለብረት ነው እንዲህ የምትሆኑ?»

ከፋለ ጎማ መሬት እንደማይለካ ሊያስረዳ ሞከረ። ሰሚ ሲያጣ ከተሸከማችሁልኝማ ምን ቸገረኝ ብሎ እሺ አለ። ማሰሪያ ጠፍር ሲፈለግ እንኳ ከኮሮጆው ያወጣው እርሱ ነው። ብስክሌቱ እንደ በሽተኛ ተጋደመ፤ የቃጭሏ አፍ በጨርቅ ተወተፈ። ባለቤቱ እጁን ኪሱ ከትቶ ከኋላ ተከተለ።

ችግር የመጣው ከገላው ማሳ ጫፍ ላይ ነው። ጎረቤታቸው ይግዛው ዱላውን ይዞ ጠበቃቸው። የገላው ሰዎች በእርሱ መሬት ላይ ብስክሌቱን ሆን ብለው ቢጥሉትስ? በርስቴ ላይ የምሸከመው እኔ ነኝ አለ። ይህን የሰማ ባለርስት ሁሉ እንደዚያው አለ፤ ማንም ማንንም አላመነም። ስለዚህ እያንዳንዱ ከወሰኑ ተቀብሎ እስከ ወሰኑ ሊያደርስ ተስማሙ።

ከፋለ በዚህ በጣም ደስ አለው። ለድካማችሁ ሌላ የምሰጣችሁ የለኝም ብሎ ካሜራውን አነሣ። በየመቀባበያው ተሸካሚውን ሥዕል ሊያነሣው፣ ስሙን ከነአባቱ ጠይቆ ሊልክለት ቃል ገባ። ሥዕል መሬት አይነካምና የተቃወመ አልነበረም። እንዲያውም ኩታ መበዳደር ተጀመረ።

መጀመሪያ ሥዕል የተነሡት ገላው ናቸው። በእርሳቸውና በይግዛው መካከል አንዲት ቁራጭ መሬት ለዘመናት ስታነታርክ ኖራለች። ይግዛው ወሰኑ ግራሩ ነው ይላል፤ ገላው ደግሞ ከግራሩ ወዲያ ማዶ ያለው ዋርካ ነው ይላሉ። ገላው ቃሬዛቸውን እንደያዙ ግራሩን አልፈው ሄዱና ዋርካው ሥር ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ።

«እዚህ ላይ አንሣኝ ልጄ። የኔ እስከዚህ ነው።»

ይግዛው ሊቃወም አፉን ሲከፍት ካሜራው ቀጭ አለ።

ከዚያ ወዲያ ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ሸለቆውን ወረደ። ገላው ጎማውን ከዐይናቸው ሳይለዩ አብረው ወረዱ። የመጨረሻው ባለርስት ወንዙን ተሻግሮ ብስክሌቱን ማዶ አቆመው። ጎማው የወይራ ምንጭን አፈር አንድ ጊዜ እንኳ አልነካም።

ገላው እፎይ አሉ። እፎይታው ሲመጣ ሐፍረቱም አብሮ መጣ፤ ይህን የመሰለ ጨዋ ልጅ በከንቱ ተጠራጥረውታል።

«ክፉ አስቤብህ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አሉት።

«ምን በወጣዎ አባቴ» አለ ከፋለ፣ ጨርቁን ከቃጭሏ አውጥቶ እየሰጣቸው። «ሥዕልዎን ያመጡልዎታል።»

ቃጭሏን እየደወለ ሄደ። ገላው ቤታቸው ገብተው አንዲት ስንዝር እንዳልተለካች ለየሺእመቤት አወሩላት። እርሷ የጠየቀቻቸው አዲሱን ኩታ ሳይለብሱ ለምን እንደተነሡ ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሥዕሉ እንደተባለው ደረሰ። ያመጡት ባለ ባርኔጣ ሰው የሌሎቹንም ይዘው ነበርና መንደሩ በደስታ ተሰበሰበ። ገላው ዋርካው ሥር እንደ ደጃዝማች ቆመዋል። ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ይግዛው እንኳ አምሮብዎታል አለ። ለእንግዳው ጠላ ተቀዳ፤ እርሳቸውም ሁሉም አይቶ እስኪጠግብ በትዕግሥት ጠበቁ።

«እንግዲህ ጭቃ ሹም» አሉ ባለ ባርኔጣው ግብር ተማኝ ዋንጫቸውን አስቀምጠው፣ «እስከዚች ዋርካ ድረስ ነው የሚገብሩት፣ አይደል?»