የታፈኑት ዓሣዎች

መምህር ደመላሽ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ዓሣን የሚያውቀው ዲላ መናኸሪያ አጠገብ፣ ተጠብሶ፣ ከነሎሚውና ከነዳጣው ነው። ቢሆንም ዘንድሮ ለዞኑ የሳይንስ ውድድር ዓሣ ይዤ ካልቀረብኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

አይፈረድበትም። አምና ያቀረበው ሳሙና የአንዱን ዳኛ እጅ ለሳምንት ያህል እንደ በርበሬ አቅልቶት ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ኤልቤቴል አልረሱለትም።

«ዘንድሮ ካላሸነፍክ ቤተ ሙከራው የወንበር መጋዘን ይሆናል። ጨርሻለሁ!» ብለውታል።

ያቺን ክፍል በስንት ልመና ነው ያገኛት። ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው እሷን ነው። ሚስቱን ብትጠይቋት ግን ቅደም ተከተሉን ትገለብጠዋለች።

ሐሳቡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር። የቡና እጣቢ ወንዝ ከገባ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ታዲያ ገና እንቁላል ውስጥ ያለች ዓሣ ምን ይውጣት? መጽሐፉ እንደሚለው ልቧ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ዘግይታ ትፈለፈላለች፤ ሰውነቷም ቀጭጮ ይቀራል። ደመላሽ ይህን ለዳኞቹ በዓይናቸው ሊያሳያቸው ነው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አሉ ወይዘሮ ኤልቤቴል። ግን ፈረሙለት።

ጪጩ ለሚኖረው ለጓደኛው ለይርጋ ደወለ። «ከማሳህ ግርጌ ካለው ኩሬ የዓሣ እንቁላል ፈልግልኝ።» ይርጋ ምን ገዶት! በማግስቱ እንደ ተነከረ ተልባ የተዝለገለገ እንቁላል በቢጫ ጀሪካን ሞልቶ፣ በሞተር ሳይክል ከች አለ። ደመላሽ አቅፎ ሳመው።

ሁለት የመስታወት ገንዳ አዘጋጀ። አንዱ ላይ አየር የሚነፋ ፓምፕ ገጠመ። ለሌላው ውሃውን አፍልቶ ኦክስጅኑን ካባረረ በኋላ አቀዝቅዞ ሞላውና «አየር የለም» የሚል ወረቀት ለጠፈበት። እንቁላሉን እኩል አካፈላቸው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ማር ሆነ። አየር የሚነፋላቸው ቀድመው ተፈለፈሉ፤ የታፈኑት ሦስት ቀን ዘገዩ። ደመላሽ በሩን ዘግቶ ብቻውን እስክስታ መታ።

ሳምንት በሳምንት ላይ ሲደረብ ግን ጉድ ፈላ። የታፈኑት ወፈሩ! ጥቁር ድቡልቡል ሆነው ጭራቸውን እያወናጨፉ፣ የተቀቀለ ጎመን ሲጥልላቸው ይሻማሉ። ውሃው ላይ ብቅ እያሉ አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ። አንዳቸውም ልቀጭጭ አላለም።

«እዚህ ውስጥ ሰው አለበት» አለ ደመላሽ። «ተደብቆ አየር የሚሰጥብኝ ሰው አለ።»

ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የክፍሉ ሌላ ቁልፍ ያለው በዘበኛው በጋሽ ጴጥሮስ እጅ ነው። እሳቸው ደግሞ ያንን ወረቀት ካነበቡ ወዲህ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው የሚያልፉት።

ደመላሽ ወለሉ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሰና ምሳ ወጣ። ሲመለስ ከበሩ እስከ ታፈነው ገንዳ ድረስ የቦቲ ጫማ ዱካ ተሰልፏል። የጋሽ ጴጥሮስ ቦቲ ነጭ ሆኗል።

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ ገብተዋል?»

«ገብቻለሁ።»

«አየር ሰጥተዋቸዋል?»

«እኔ አየር ከየት አመጣለሁ፣ ቲቸር? ጸለይኩላቸው እንጂ።»

«ለዓሣ?!»

«ምናለበት? ዮናስ ሦስት ቀን ዓሣ ሆድ ውስጥ ከርሞ አየር አጣ እንዴ? ዓሣው ሰው አላፈነም፣ አንተ ግን ልጆቹን ታፍናለህ። ነፍስ ነው እኮ!»

«ጸሎት ያወፍራል እንዴ?»

«ይኸው አየህ አይደል!»

ደመላሽ ደሙ ፈላ። ቁልፉን ተቀበላቸው። ለውድድሩ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። አዲስ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ጨመረ፤ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ጎመን ከተተ፤ ሁለቱንም ገንዳ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ በገመድ ጠፈረ። ቋጠሮው ላይ ወረቀት ለጥፎ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አስመታበት። በሩንም ቆለፈ።

«ከእንግዲህ መልአክም አይገባባት!» አለ።

ጋሽ ጴጥሮስ ወንበራቸውን በሩ አጠገብ አስጠግተው በውጭ በኩል መዘመር ጀመሩ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የቀጨጨው ደመላሽ ሆነ። እህል አልወርድለት አለ። ዓሣዎቹ ሳያንሱ ቢገኙ ክፍሏ እንደምትሄድበት ያውቃል። ወይዘሮ ኤልቤቴል እንደሆነ ወንበሮቹን ከወዲሁ ኮሪደሩ ላይ አስደርድረዋቸዋል። እሱም በዚያ ባለፈ ቁጥር አንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ይተክዛል።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ገንዳዎቹ ከነጨርቃቸው ወደ አዳራሹ ተወሰዱ። ሰብሳቢው ዳኛ መነጽራቸውን አስተካክለው ማኅተሙን አገላብጠው አዩት፤ አልተነካም። ወይዘሮ ኤልቤቴል የፊት ረድፍ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«የተከበራችሁ ዳኞች» አለ ደመላሽ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «የአየር እጥረት የዓሣን እድገት ምን እንደሚያደርገው አሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ማንም እጁን አላስገባበትም። የምታዩት ንጹህ ሳይንስ ነው።»

«እስቲ እንየው» አሉ ዳኛው፤ የውጤት ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ደመላሽ ገመዱን ፈታ። ጨርቁን ገለጠው።

የመጀመሪያዋ ዓሣ በአራት እግሯ ዘልላ በዳኛው የውጤት ወረቀት ላይ ጉብ አለችና «ቋ!» አለች።