ከአሥረኛው ረድፍ በታች

አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ቅጹ ላይ ሲያጎነብሱ፣ ተማሪዋ መስኮት የወለወለችበትን ጨርቅ እንደያዘች ቀረች። ዩኒቨርሲቲው የሰጣት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ቅጽ አሥር ረድፍ ብቻ ነበረው፤ አሮጊቷን በቤታቸው ለምትረዳበት አሥር ቅዳሜ። ከዚያ በታች ያሉትን ሦስት ረድፎች ያሰመረችው ራሷ ናት፣ የዶርም ጓደኞቿ ወደየቤታቸው ሄደው ክፍሉ ጭር ባለበት ሰዓት። በሁለቱ ላይ ባለፉት ቅዳሜዎች ተፈርሞላታል። ዛሬ የሦስተኛው ተራ ነበር።

«መስኮቱ እኮ ባለፈው ሳምንትም ንጹሕ ነበር» አሉ አሮጊቷ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ።

«አቧራ ቶሎ ይይዘዋል፣ እማማ።»

«ይሁን።» ጣታቸው አሥረኛው ረድፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሴት ናቸው፤ የታተመን መስመር በእጅ ከተሰመረ መለየት አያቅታቸውም። የተማሪዋ ፊት ጋለ። አሁን «ጨርሰሻል እኮ ልጄ፣ በቃ አትድከሚ» ሊሏት ነው። ጨርቁን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

አሮጊቷ ግን በመጨረሻው ረድፍ ላይ ቀስ ብለው ፈረሙ። ከዚያ መሳቢያውን ስበው የእንጨት ማስመሪያ አወጡ፤ ወረቀቱን ገለበጡና ባዶውን ጀርባ ከላይ እስከ ታች ያሰምሩ ጀመር።

«ያንቺ መስመር ይጣመማል» አሉ። «ለመሆኑ የሚመችሽ ቅዳሜ ብቻ ነው?»