የልብስ ሰፊው ፋሻ

ይህን ታሪክ በማውራቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሆስፒታል የሚከበር ቦታ ነው፤ የሰው ትዳርም እንዲሁ። ሁለቱን ባንድ አፍ አንስቶ መናገር ከጨዋ ሰው አይጠበቅም። ነገር ግን አምቄ ብይዘው ሆዴን ስለሚነፋኝ፣ ለጤናዬ ስል እናገራለሁ።

ጡረታ የወጡ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸውን ዘግተው ቤት መዋል ከጀመሩ ወዲህም ሥራ አልፈቱም። ሚስታቸው ሽንኩርት ሲከትፉ አጠገባቸው ቆመው «ወፈረ፣ ወፈረ!» ይላሉ። ሚስታቸው የከደኑትን ድስት ይከፍታሉ። የቀሚሳቸውን ጫፍ፣ ሚስትየው ለብሰውት ሳለ፣ በመርፌ ቁልፍ እየያዙ ያሳጥራሉ። አንድ ቀን ሚስታቸው ተኩሰው የጨረሱትን መጋረጃ አይተው «ይኼ ተተኮሰ ይባላል?» አሉና እንደገና ሊተኩሱት ተነሡ። ካውያው አመለጣቸው። ያረፈው እግራቸው ላይ ነበር።

ቃጠሎው የከፋ አልነበረም። ጩኸቱ ግን የከፋ ነበር።

ሆስፒታሉ አላስተኛቸውም፤ እየተመላለሱ ቁስላቸውን እንዲያስጠርጉ አዘዘ። ክፍሏ በኮሪደሩ ጫፍ ያለች፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበርና በጎማ የሚገፋ መከለያ ያለባት ጠባብ ክፍል ናት። እዚያ ያለችው ሲስተር ቁስል ላይ የተጣበቀ ጎዝ መንጭቃ አታነሳም። ለብ ባለ ውኃ ታርሰውና በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ትጠብቃለች። እስኪለቅ ድረስ ደግሞ ታጫውታለች።

«አባባ፣ ኮት መስፋት ነው የሚከብደው ወይስ ሱሪ?»

ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። መልሱ ሳያልቅ ፋሻው ያልቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ሁሉ ሲስተር ሆነ። «እጇ ጥጥ ነው!» ይላሉ ገበታ ላይ። «ሰው ማለት እሷ!» ይላሉ ሊተኙ ሲሉ።

ሚስታቸውን ቅር አላላቸውም። እንዲያውም ያ ቁስል ከመጣ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። በቀጠሮው ቀን ማልደው ይነሡና የባላቸውን ሱሪ ይተኩሳሉ። በእጃቸው ያጠቡትን፣ እንደ ወረቀት የነጣውን ፋሻ ይጠቀልላሉ። «ቶሎ ሂድ፣ ወረፋ ይበዛል» ብለው እስከ በር ይሸኛሉ። አንዳንዴም «ለሲስተር ስጥልኝ» ብለው አንድ ብልቃጥ ማር ያስይዛሉ።

«አይ እማዬ፣ የዋህ!» አለች ልጃቸው በልቧ።

ልጅቱ አስተማሪ ናት። ፈተና ስትቆጣጠር የማን ዐይን ወዴት እንደሚኮበልል ካንገቱ አያያዝ ታውቃለች። አባቷ ሽቶ መቀባት ሲጀምሩ አየች። የታመመውን እግር ጫማ ከደኅናው እኩል ሲወለውሉም አየች። አንድ ቀን ከኋላ ስትከተላቸው፣ ከበራቸው እስከ መታጠፊያው ድረስ ሲያነክሱ የነበሩት ሰውዬ መታጠፊያውን ሲያልፉ ወታደር ሆኑ።

«እማዬ፣ ይኼ ቁስል አልበዛም?»

«ቃጠሎ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል።»

«ዝናቡ ገብቶ ወጣ እኮ!»

«የአባትሽ ሥጋ ድሮም ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው።»

«ሲስተሯ ቆንጆ ናት አሉ።»

«እሰይ፣ ይባርካት!» አሉ እናትየው፣ ሬዲዮውን ከፍ እያደረጉ።

ልጅቱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሆስፒታል ሄደች። ከመከለያው ጀርባ ቆመች። ማድመጥ ነውር መሆኑን ለተማሪዎቿ ታስተምራለች፤ እሷ ግን ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበረች።

በመከለያው ስንጥቅ የአባቷን እግር አየች። እንደ ሕፃን እግር ለስላሳ ነው፤ ጠባሳው እንኳ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ሲስተሯ በዚያ ደኅና እግር ላይ ፋሻውን በጥንቃቄ ትጠመጥማለች።

«ሲስተር፣ ይቺን ፋሻ የከለከልሽኝ ቀን አለቀልኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ አባባ፣ ማን ይከለክልዎታል?»

«ባለቤቴ እንዳትሰማ ብቻ። አደራሽን!»

«ከኔ አፍ አይወጣም።»

ሽማግሌው ከብብታቸው አንድ ጥቅል አወጡ። በእጃቸው የሰፉት ነጭ ጋዋን ነበር። «ላደረግሽልኝ ሁሉ ሲያንስ ነው» አሏት። ሲስተሯ ስትለብሰው ልክክ አለባት። ልጅቱ ዐይኗን ጨፈነች፤ መቼ ለኳት?

ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ መንገዱን ሙሉ አሰበች። እነዚህ ሰዎች አብረው ያረጁ ናቸው። እናቷን እሷ ጋ ትወስዳታለች፤ ግን አልጋው የት ይገባል? አጎቶቿስ ምን ይላሉ? ደግሞ ይህን ነገር በየትኛው አፍ ነው የምትጀምረው?

እናትየው እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ምድጃው ላይ፣ ወፍራም ወፍራም ተደርጎ የተከተፈ ሽንኩርት ይንጫጫል። ልጅቱ እፊታቸው ተንበረከከችና እጃቸውን ያዘች።

«እማዬ፣ ልብሽን ጠንከር አድርጊ። የአባዬ እግር ከዳነ ቆይቷል። ሲስተሯም ታውቃለች።»

እናትየው ሬዲዮውን አጠፉ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ነገረሽ? ሲስተር ለማንም ላትናገር ምላልኝ ነበር እኮ! በይ ልጄ፣ አደራ፣ ከዚች ክፍል እንዳይወጣ፤ አባትሽ ከሰማ ይድናል።»