ባዶ ካልሆነ አልቀበልም

የመስታወቱን ሳጥን መግዛቴ ስህተት ነበር። እስስቴ እዚያ ከገባች ጀምሮ ጠቁራ፣ ምግብ አልቀምስ ካለች አራት ቀን ሆናት። ሻጩን ብጠይቀው፣ «መስታወት ውስጥ ራሷን ስታይ ጠላት የመጣባት ይመስላታል፤ የወንፊት ቤት ነበር የሚያስፈልጋት» አለኝ። ሲሸጥልኝ አፉን ምን እንደያዘው እሱ ያውቃል።

የወንፊት ቤት ገዝቼ ሳስገባት ወዲያው አረንጓዴ ሆነች፤ ሁለት ፌንጣም በላች። በማግስቱ እሷን ከነወንፊት ቤቷ አንጠልጥዬ፣ የመስታወቱን ሳጥን በብብቴ ይዤ ልመልስ ሄድኩ።

«እንስሳ ያለበት ሳጥን አልቀበልም፣ እህቴ።»

«ባዶ ነው! ዓይንህን ምን ነካው?»

«የእኔን ዓይን ተይውና እስቲ በራስሽ እይው።»

ጎንበስ አልኩ። ጥቁር እስስት ከመስታወቱ ላይ ተለጥፋ አንድ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። አረንጓዴዋ ወንፊቷ ውስጥ፣ እጄ ላይ ነች። ከጥቁሯ ኋላ ግንባሬን ቋጥሬ እኔም እታያለሁ።

ሳጥኑን እዚያው ትቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ቆይ እንጂ፣ እህቴ» አለ ሻጩ፣ ዓይኑን ከሳጥኑ ሳያነሳ። «ይህችን ግንባሯን የቋጠረችውንስ ለማን ትተሻት ትሄጃለሽ?»

ወጥቼ በሩን ዘጋሁት።