ማሻ አላህ ያልተባለላቸው ዓሦች

ባሏ ጀላልዲን ጀልባ በሚጎትተው ጃንጥላ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ «ሐኪማ፣ እዪኝ እንጂ!» እያለ ይጮህ ነበር። ሐኪማ ግን ቀና ብላም አላየችው፤ ከአሜሪካው ሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሜክሲኮው ካንኩን ስትፈራው የመጣችው ባሕር አንገቷ ደርሶ ነበር።

ልጇ ሐፍሳ የውሃ መነጽሯን አጠበቀችላት። «ማሚ፣ በቱቦው ብቻ ተንፍሺ። አፍሽን ከከፈትሽ ወደመጣንበት ጀልባ ነው የምመልስሽ፣ ኦኬ?»

ሐኪማ ቢስሚላህ ብላ ቱቦውን ነከሰችና ፊቷን ነከረች። ከሥሯ ቢጫና ሐምራዊ ዓሦች፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ተኳኩለው፣ ጣቶቿን ሊስሙ ተሻሙ። ፍርሃቷ የት እንደገባ እንጃ። ይህን ውበት አይቶ «ማሻ አላህ» ሳይሉ ማለፍ ደግሞ በዓይን መብላት ነው፤ አፏን ከፈተች። ባሕሩ ገባ።

ሐኪማን ሳል ሲያጣድፋት ሐፍሳ ጎትታ አወጣቻት። «በቃ፣ ማሚ! እንሂድ!»

«ልቀቂኝ!» አለች ሐኪማ፣ ቱቦዋን በእጇ እየፈለገች። «‹ማሻ› ላይ ነው ያቋረጥኩት! ዓሦቹ ቢታመሙብኝስ?»

ተመልሳ ፊቷን ነከረች።