የኋላው ወንበር

ሰፈሩ ሁሉ «ማስቲሽ» ይለዋል። ከሰውየው በፊት ሽታው ነው ደጅ ድረስ ወጥቶ የሚቀበልህ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የአውሮፕላን ሞዴል ይገጣጥማል። ድሮ በአየር ኃይል የእውነተኞቹ የምድር ቴክኒሻን ነበር። «ያኔ አንዲት ብሎን ብትጠፋኝ ሰው ይሞታል፤ አሁን ብትጠፋኝ ድመቷ ትውጣታለች» እያለ ይቀልዳል።

ሴትዮዋ ሰኞ ረፋድ ላይ ጥቁር ለብሳ መጣች። ከቦርሳዋ ፎቶ ስታወጣ አንድ ፓኬት ምላጭ አብሮ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። አንሥታ መልሳ ከተተችው። ማስቲሽም ፕላስቲክ የሚቆርጠው በዚያው ዓይነት ምላጭ ነበርና ነገሬ አላለውም።

«ባለቤቴ ነው» አለች ፎቶውን እያቀበለችው።

ባለሁለት ወንበር የማሠልጠኛ ጄት ነው። ሠልጣኙ ከፊት ተቀምጧል። አሠልጣኙ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ፣ መሰላሉ ላይ ቆሞ ወደ ልጁ ጎንበስ ብሏል።

ታሪኩን ማስቲሽም ያውቀዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጄቱ ባሕር ገባ፤ ከክንፉ ቁራጭ በቀር የተገኘ የለም። ልጁ ተሳሳተ፣ አሠልጣኙ ግን ጥዬው አልዘልም ብሎ አብሮት ሞተ ተባለ። የበረራ ትምህርት ቤቱ ሐውልት ላይ የአሠልጣኙ ስም በትልቁ፣ የልጁ ከሥር በትንሹ ተጽፏል። የልጁ እናት የሰው ዓይን ፈርታ በዚያ በኩል አታልፍም ይባላል።

«ፎቶውን ማን አነሣው እትዬ?»

«የምድር ሠራተኛው። እሱም ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ትምህርት ቤቱ ፎቶው እንዳለኝ ሰምቶ፣ አጉልተን አዳራሹ ውስጥ እንስቀለው እያለኝ ነው። እምቢ ብል ምን ይሉኛል? ከዚያ በፊት ግን ሞዴሉን ልየው። ፎቶው ላይ ያለውን ብቻ ሥራልኝ ወንድሜ፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። እሱ ልቅም ያለ ሥራ ነው የሚወደው።»

«የሚወደው» ማለቷ አንጀቱን በላው። ይኸው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላም «ይወድ ነበር» ማለት አልሆነላትም።

ገበያ ላይ የተገኘው ሞዴል የተዋጊው ዓይነት፣ ባለአንድ ወንበር ነው። ማስቲሽ ከአብራሪው ክፍል ጀርባ በመጋዝ ለሁለት ከፈለው። መሐሉ ላይ ሁለት ጣት የማትሞላ ፕላስቲክ ጨምሮ አስረዘመው። ሁለተኛውን ወንበር ከካርቶን ሠራ። ሁለቱን ወንበሮች ከላይ የሚሸፍነውን ረጅም መስተዋት ደግሞ፣ ከእንጨት በጠረበው ቅርጽ ላይ የጋለ ፕላስቲክ ወጥሮ አወጣው፤ አራት አበላሽቶ አምስተኛው ተሳካለት።

ሴትዮዋ በየሳምንቱ እየመጣች «ዛሬስ ምን አየህ?» ትለዋለች። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ምሳ ይረፍድብኛል ብላ ትሮጣለች።

በሦስተኛው ሳምንት የኋላውን ወንበር ቀበቶ ሊሠራ ፎቶውን በአጉሊ መነጽር አየ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ።

ቀበቶው ታስሯል።

ሠልጣኝ ብቻውን ሲበር የባዶው ወንበር ቀበቶ ተጠላልፎ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ አለዚያ አየር ላይ ተነሥቶ መሪው ላይ ይጠመጠማል። ሰው የሚቀመጥበት ከሆነ ግን ተፈትቶ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ማስቲሽ ራሱ ስንቱን አስሯል! ከጭራው በስተኋላ ያለው አየር ደግሞ በሙቀት ይርገበገባል። ሞተሩ ተነሥቷል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ወጥቶ ቀበቶ የሚፈታ የለም።

አሠልጣኙ ጄቱ ውስጥ አልነበረም። ያልደረሰ ልጅ ብቻውን ላከ፤ ልጁ ሳይመለስ ሲቀር የሞተ መስሎ ተሰወረ። ፎቶውን ያነሣው የምድር ሠራተኛም ምስጢሩን ይዞ ሞተ።

ማስቲሽ ሁለት ቀን ሥራውን አቁሞ አሰበ። ቢናገር ለዚህች ምስኪን ጀግና ባሏን ነጥቆ ጥሏት የሄደ ባል ሊሰጣት ነው። ዝም ቢል ያ ልጅ ከነስሙ እንደተቀበረ ይቀራል። በመጨረሻ ፈራ። ትንሽዬ የአሠልጣኝ ምስል ሠርቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ቀበቶውን ሸፈነው።

ዓርብ ዕለት ሴትዮዋ አጉሊ መነጽሩን አንሥታ የኋላውን ወንበር ለረጅም ጊዜ አየች።

«ፎቶው ላይ ያየኸው ይኸው ብቻ ነው?»

«ከመሰላሉ አንሥቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው እንጂ፣ ይኸው ነው እትዬ።»

ፊቷ ፈካ። «እፎይ! እንግዲያው ፎቶውን ዛሬውኑ እሰጣቸዋለሁ።»

ማስቲሽ ደነገጠ። ግድግዳ ላይ አጉልተው ሲሰቅሉት፣ አዳራሹ ሙሉ የድሮ ቴክኒሻን ተሰብስቦ ሲያየው ታየው። ጉዷን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልትሰማ ነው።

«ይቆዩ እትዬ። እባክዎ ይቀመጡ።»

በወረንጦ ምስሉን ከወንበሩ አነሣ። የታሰረውን ቀበቶ አሳያት። ሁሉንም ነገራት። እሷ አላለቀሰችም። የድንጋጤ ነው ብሎ አዘነላት።

«ሌላ ሰው ቢያየው ያውቃል?» አለች ቀስ ብላ።

«በምድር ቴክኒሻንነት የሠራ ሁሉ ገና ሲያየው ያውቃል።»

«ለማን ነገርክ?»

«ኧረ ለማንም! ለእርስዎ እንኳ ስንት ቀን ተጨንቄ!»

ፎቶውንም ሞዴሉንም አንሥታ በነጠላዋ ጠቀለለች። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ከውርደት አወጣኸኝ» አለችና ሰዓቷን አየች። እስከ መንገዱ ድረስ ሸኛት። ሲመለስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ለእሷም፣ ለልጁም።

እሷ ቤቷ ገብታ በሩን ከውስጥ ሁለቴ ቆለፈች፤ ፎቶውን ምድጃው ላይ አቃጠለችና ወደ ውስጠኛው ክፍል ተጣራች፦ «ና፣ ምሳህን ብላ። ሰውየው ቀበቶውን አይቶታል።»