ሳሎን የተነጠፈው ፍራሽ

ገላዋ ውሃ እየቋጠረ የሚላጥበት በሽታ ከራሷ ሰውነት የመነጨ ነው፤ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ሐኪሙ ለባሏም ነግሮታል። ዘርጋውም አምኖ ዓመቱን ሙሉ ቁስሏን ሲያጥብላትና አብሯት ሲተኛ ኖሯል። ቁስሉ አመርቅዞ ሆስፒታል ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነባት። ፍራሹን ሳሎን አነጠፈ። ምግቧን ማስክ አድርጎ በሩ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። ቁስሏን የማጠቡን ሥራ ለእህቷ ለእታፈራሁ ተወላት።

«ተጠይፎኛል» አለቻት እህቷን።

«መጠየፍ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለች እታፈራሁ። «ኪሱን ፈትሺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

አንድ ጠዋት ሊታጠብ ጓሮ ሲወጣ የኮቱን ኪስ ፈተሸች። ግማሹ ያለቀ የቅባት ቱቦ አገኘች። የእሷ መድኃኒት አይደለም። ሲመለስ ቱቦውን አሳየችው።

«ይኼ የማን ነው? ሌላም የምትቀባት ሴት አለች?»

ዘርጋው በሩ ላይ ቆመ።

«የእኔ ነው። አፍንጫዬ ውስጥ የምቀባው ነው።»

«አፍንጫህን ደግሞ ምን ነካው?»

«ምንም አላመመኝም። ሆስፒታል የሄድን ቀን አንቺ ከሐኪሙ ክፍል ከወጣሽ በኋላ ከአፍንጫዬ ናሙና ወስደው ነበር። ቁስልሽን ያመረቀዘው ባክቴሪያ እዚያ ተገኘ።»

ቱቦውን አገላብጣ አየችው።

«ሲያቃጥልሽ እፍ እያልኩ የማበርድልሽ እኔ ነበርኩ» አላት።